እጅ የሰጠ መኮንን ጀግና ሊባል ይችላል? የጃዶትቪሉ ሻለቃ ኩዊንላን

ሰማያዊ_ቆብ ጻፈ፦

ሰላም ቤቶች። ባለፈው ኮሪያ ስለዘመተው የኛ ጦር ስለ ቃኘው ሻለቃ ሲወራ አንድ ወንድማችን "እጅ የሰጠ መኮንን መኮንን አይባልም" ብሎ ጽፎ ነበር፣ ላይኩም ጎርፎለታል። እዛው ልመልስለት ጀምሬ ጽሁፉ እየረዘመ ሲሄድ ራሱን ችሎ ይውጣ አልኩና ይኸው ከፈትኩት። ስለ አንድ የአየርላንድ ሻለቃ ነው ማወራችሁ፣ ፓትሪክ ኩዊንላን ይባላል። እጅ ሰጥቷል። ለኔ ግን ጀግና መኮንን ማለት እሱ ነው፣ እንደውም እጅ የሰጠባትን ቀን ጨምሬ ነው ምከራከረው።

ታሪኩን ለማታውቁ። ኮንጎ ሰኔ 1952 ከቤልጂየም ነፃ ወጣች፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ካታንጋ ሚባለው ክፍለ ሀገሯ በሞይስ ቾምቤ መሪነት ተገንጥያለሁ አለ። ካታንጋ ማለት መዳቡ ኮባልቱ ያለበት፣ ሂሮሺማ ላይ ለተጣለው ቦምብ እንኳን ዩራኒየም የወጣበት መሬት ነው፣ ስለዚህ ከጀርባው ማን እንደነበር ለመገመት አይከብድም፣ የቤልጂየም የማዕድን ኩባንያ ገንዘብ እና ከየአገሩ የተቀጠሩ ነጭ ወታደሮች ናቸው። የተባበሩት መንግስታት ጦር ገባ፣ የኛም ልጆች ነበሩበት፣ አየርላንዶች፣ ስዊድኖች፣ ህንዶችም ነበሩ።

ነሐሴ 1953 መጨረሻ ላይ ኤ ሻምበል የተባለው የአየርላንድ ጦር፣ ወደ 155 ሰው፣ ጃዶትቪል ወደምትባል የማዕድን ከተማ ተላከ (ዛሬ ሊካሲ ነው ስሟ)። እዛ ያሉትን ነጭ ነዋሪዎች ጠብቁ ተብለው ነው የሄዱት፣ ሲደርሱ ግን ነዋሪው ራሱ ፊቱን አዞረባቸው። ዋናው ጦር ያለው ኤልሳቤትቪል ነው፣ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፣ መሀል ላይ የሉፊራ ወንዝ ድልድይ አለ፣ እሱን የዘጋ ሰው ከተማዋን ዘጋ ማለት ነው። ከባድ መሳሪያቸው ወደኋላ ቀርቷል። ከመሀላቸው ጦርነት አይቶ የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል፣ ገና 17 እና 18 ዓመት የሆናቸው ልጆች ነበሩ፣ ኩዊንላን ራሱም 42 ዓመቱ ነው፣ ተኩስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ የጦር ስልት ግን አንብቦ ማይጠግብ ሰው ነበር ይባላል።

እና ምን አደረገ መሰላችሁ? ቆፍሩ አለ። ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ። ሰላም አስከባሪ ነን ብለው የመጡ ልጆች ናቸው፣ ፀሀዩ እንደ እሳት ነው፣ መሬቱ ድርቅ ያለ ነው፣ ምንም ነገር በሌለበት ይሄ ሰውዬ ምን ሆነ ብለው ያጉረመረሙም ነበሩ። እሱ ግን ከተማው ውስጥ የሚገቡትን የሚወጡትን መኪናዎች፣ የሰዉን ፊት እያየ ነገሩ ገብቶታል። ምሽጉ በዙሪያቸው ተቆፍሮ አለቀ።

መስከረም 3 ቀን 1954 ጠዋት፣ እኛ አገር የእንቁጣጣሽ ቄጤማ ገና ሳይደርቅ ማለት ነው፣ አብዛኛው ወታደር ቅዳሴ ላይ እያለ መጡባቸው። ጸሎት ላይ እንደሚሆኑ አውቀው ነው። ጆን ሞናጋን ሚባል ሳጅን ፂሙን እየተላጨ ነበር፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ሮጦ መትረየስ ላይ ወደቀና ተኮሰባቸው። በሷ ደቂቃ የቀረው ሁሉ ምሽጉ ውስጥ ገባ። ከዛ በኋላ አምስት ቀን ነው።

በብዙ ግምት ወደ 3,000 ሰው ነው የከበባቸው። ጀንዳርሜሪ ሚባለው የካታንጋ ጦር፣ ቤልጂየሞች፣ ፈረንሳዮች፣ ሮዴዢያኖች። ሞርታር አላቸው፣ መድፍ አላቸው፣ ፉጋ ሚባል የጦር ጄት አላቸው፣ አንዲት ናት ግን ከላይ ሚመልስላት ስለሌለ እንደፈለገች እየተመላለሰች ቦምብ ትጥላለች፣ የአየርላንዶቹን መኪኖች እሷ ነች የጨረሰቻቸው። የነሱ ትልቁ መሳሪያ 60 ሚሊሜትር ሞርታር እና ያረጀ ቪከርስ መትረየስ ነው። በሷው ሞርታር ግን የጠላትን የከባድ መሳሪያ ቦታ እያነጣጠሩ ዝም አሰኝተውታል፣ ይሄ ዝም ብሎ ዕድል አደለም፣ ኩዊንላን ርቀቱን ቀድሞ አስለክቶ ነበር ነው ሚባለው። ሬዲዮ ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ጥይት እንይዛለን፣ ትንሽ ውስኪ ብታገኙልን ጥሩ ነበር ብሎ ላከ። ልጆቹ ሬዲዮውን ይሰማሉ፣ አዛዣቸው ድምጹ እንዳልተንቀጠቀጠ ይሰማሉ።

ረዳት ጦር ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለቴም ሉፊራ ድልድይ ላይ ተመታ፣ ሁለተኛው ላይ ከህንድ ጦር ጋር የነበሩ ጉርካ ሚባሉ ወታደሮች እዛ ሞተዋል። አንድ ሄሊኮፕተር ብቻ ነው በተኩስ መሀል ሰንጥቆ ያረፈው፣ ኖርዌጂያዊ ፓይለት ከስዊድናዊ ረዳቱ ጋር፣ ውሃ ይዞ። ውሃው የተቀዳበት ጀሪካን ግን ቤንዚን የነበረበት ሆኖ ተገኘ፣ ሊጠጣ ማይችል ውሃ። አስቡት፣ ውሃ ጠምቷችሁ ውሃ መጣ ተብሎ፣ ያ ፓይለት ነፍሱን አደጋ ላይ ጥሎ አምጥቶት፣ አፋችሁ ላይ ስታደርጉት ቤንዚን።

መስከረም 7 ላይ ጥይት የለም፣ ውሃ የለም፣ እርዳታ እንደማይመጣ ታውቋል፣ የተስማሙበት የተኩስ ማቆም ስምምነት በከበቡት በኩል እየፈረሰ ነው። ኩዊንላን መሳሪያ አስቀምጡ አለ። ከ155ቱ የቆሰለው 5 ሰው ነው። የሞተ የለም። ደግሜ ልጻፈው፣ የሞተ የለም። ከሌላኛው ወገን ወደ 300 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አንድ ወር ገደማ ታስረው ጥቅምት ላይ ተፈቱ።

አገራቸው ሲገቡ ግን ስማቸው ጠፋ። "ጃዶትቪል" ሚለው ቃል ወታደር ቤት ውስጥ መስደቢያ ሆነ። ኩዊንላን ለልጆቹ የጀግንነት ሜዳሊያ ይሰጣቸው ብሎ የጻፈው ሁሉ ተቀባይነት አላገኘም። በ1997 በፈረንጆቹ ሞተ፣ ስሙ የተመለሰው እንደዛው በፈረንጆቹ በ2004 ነው።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ሰው እጅ ስለሰጠ መኮንን አይባልም?

——

የሸገር_ልጅ77 መለሰ፦

ያን አስተያየት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልቀየርም። ጽሁፍህ ቆንጆ ነው ወንድሜ፣ ሰውዬውንም አከብረዋለሁ፣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እኛ አፄ ቴዎድሮስን ምናነሳው መቅደላ ላይ እጃቸውን ለእንግሊዝ ስላልሰጡ አይደል እንዴ? ሚያዝያ 1860 ላይ ናፒየር እጅዎን ይስጡ ሲላቸው ሰጥተው ለንደን ታስረው ቢሞቱ ኖሮ ዛሬ ማን ይዘፍንላቸው ነበር? ቃኘው ኮሪያ ላይ 253 ጊዜ ውጊያ ገብቶ፣ 122 ሰው ሞቶበት፣ 536 ቆስሎበት አንድም ሰው አልተማረከበትም። ያ ነው የኛ መለኪያ። ያንን ካወረድነው ነገ ሁሉም "ውሃ አለቀብኝ" እያለ መሳሪያ ሚያስቀምጥ ይሆናል።

——

ጡረተኛ_50አለቃ መለሰ፦

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፣ ይሄ ግን አላስችል አለኝ።

ስለ ቁፋሮው የተነሳውን ነው ምናገረው። ወታደር ያልሆነ ሰው ጀግንነት ሲባል ሚታየው ዘራፍ ብሎ ሚሮጠው ነው። እኔ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነበርኩ፣ የት ግንባር እንደሆነ ይቅር። አንድ መቶ አለቃ ነበረን፣ ስሙን አልጠራም ቤተሰብ አለው። ተራራ ላይ ደርሰን፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዘን፣ እግራችን ተልጦ፣ ሰው ባለበት ሲወድቅ እሱ ዶማ አምጡ ይላል። ድንጋይ ነው መሬቱ፣ ዶማው እሳት ነው ሚተፋው። ጠላነው። ከዛ ሌሊት ባትሪ ሳያበራ እየተንፏቀቀ እያንዳንዱ ሰው የቆፈራት ጉድጓድ ውስጥ ራሱ ይገባል፣ በደረቱ ይተኛል፣ መሳሪያህን ይይዝና አሻግሮ ያያል። ከፊት ያለችው ጉብታ ከሸፈነችበት "ከዚህ ሆነህ ማንን ነው ምትመታው? ከሷ ጀርባ መጥቶ ቦምብ ቢወረውርብህስ?" ብሎ እንደገና ሁለት ክንድ ወደ ጎን ያስቆፍርሃል። ያን ሌሊት እንዲህ እያለ የሁሉንም ዞረ። ሲነጋ ከባድ መሳሪያ ወረደብን፣ በግራችን የነበረው ጦር ሳይቆፍር ያደረ ነው። ስለነሱ ምን ልበላችሁ።

ስለዚህ ይሄ አይሪሽ ሻለቃ አንድም ሰው አልሞተበትም ስትሉ እኔ አልገረመኝም፣ ገባኝ። ሰዎቹን ያዳናቸው ከመስከረም 3 በፊት ነው። ሰው እየጠላህ ማዘዝ ቀላል አይደለም፣ በተለይ ጠላት ሳይታይ። ጠላት ከታየማ ማን አይቆፍርም።

——

ሰማያዊ_ቆብ መለሰ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ ነገር ከመጽሀፍ አይገኝም። ጉድጓዱ ውስጥ ራሱ ገብቶ መተኛቱን ነው የወደድኩት።

@የሸገር_ልጅ77 ስለ ቴዎድሮስ ያልከውን ልመልስልህ። አፄ ቴዎድሮስ የራሳቸውን ነፍስ ነው የወሰኑት። እንደውም በፋሲካው ዋዜማ እና ማግስት አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ሂዱ፣ ራሳችሁን አድኑ ብለው አሰናብተዋል፣ የቀሩት በፈቃዳቸው የቀሩ ናቸው። ንጉስ ስለራሱ ክብር ሚወስነው እና አንድ ሻለቃ በ155 የሰው ልጆች ነፍስ ላይ ሚወስነው አንድ ነው ወይ? ኩዊንላን ሽጉጡን ወደራሱ ቢያዞር ኖሮ ምናልባት አገሩ ሀውልት ታቆምለት ነበር። ልጆቹስ?

——

የጠቅል_ልጅ መለሰች፦

ይሄን ክር እህቴ ናት የላከችልኝ። አባታችን ጠቅል ብርጌድ በሚባለው የኛ ጦር ውስጥ ኮንጎ የዘመተ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ሰማያዊዋን የብረት ቆብ አድርጎ የተነሳው ፎቶ እስከዛሬ እናታችን ሳሎን ነው ያለው። ብዙ ማያወራ ሰው ነበር፣ ግን ስለ ካታንጋ ሲነሳ ሁሌ አንድ ነገር ይለን ነበር፣ "ከላይ የኛ የሚባል አልነበረም"። ልጅ ሆነን አይገባንም ነበር፣ ስለ ሰማይ ቤት ሚያወራ ነበር የሚመስለን።

በኋላ ስናነብ ነው የገባን። የተባበሩት መንግስታት ጦር መስከረም 1954 ላይ አንድም ተዋጊ ጄት ኮንጎ ውስጥ አልነበረውም፣ ለዛ ነው አንዲት ፉጋ ያን ሁሉ ጦር ስታሰቃይ የከረመችው። ኢትዮጵያ ኤፍ-86 ሴበር ጄቶቿን ልትልክ ተስማምታ ነበር፣ ግን ለመሄድ እንግሊዝ በያዘችው ምስራቅ አፍሪካ ላይ ማለፍ አለባቸው፣ እንግሊዞች ደግሞ ፈቃዱን አጓተቱት። ፈቃዱ ሲጓተት ጃዶትቪል ወደቀች። ዋና ጸሀፊው ዳግ ሀመርሾልድም ቾምቤን አግኝቶ ተኩስ ለማስቆም ወደ ንዶላ ሲበር መስከረም 7 ለ8 አጥቢያ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ፣ አየርላንዶቹ እጅ በሰጡበት ቀን ሌሊት ማለት ነው። የኛ አብራሪዎች ኮንጎ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከነሱም ጋር የስዊድን እና የህንድ ጄቶች መጡ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ የካታንጋን አየር ኃይል አብዛኛውን አወደሙት።

እና እኔን ያናደደኝ ሻለቃው ላይ ጣት መቀሰሩ ነው። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከላይ ሽፋን ቢኖረው ኖሮ ስለ እጅ መስጠት ዛሬ አናወራም ነበር።

——

የሸገር_ልጅ77 መለሰ፦

እህቴ አባትሽን ነፍስ ይማር፣ የጄቶቹን ነገር አላውቅም ነበር። እንግሊዝ እኛን ያልጎዳችበት ቦታ የለም።

——

ታሪክ_ቆስቋሽ መለሰ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ግን አንድ የራሳችንን ታሪክ ላስገባ፣ ምክንያቱም ይሄው ነገር እኛው አገር ውስጥ ተደርጓል፣ እኛ በከባቢው በኩል ሆነን።

መቀሌ፣ ታህሳስ እና ጥር 1888። ከአምባላጌ በኋላ ማጆር ጋሊያኖ ሚባል የጣሊያን መኮንን ከሺህ በላይ ሰው ይዞ፣ አብዛኛው አስካሪ ነው (ለጣሊያን የተቀጠረ ያገሬው ወታደር)፣ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ምሽጉ ጠንካራ ነው፣ የኛ ሰው ግንቡ ላይ እየወጣ ብዙ ሰው አለቀበት። ከዛ እቴጌ ጣይቱ ናቸው መላውን ያመጡት፣ ምሽጉ ውሃ ሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ። የሳቸው ሰዎች በሌሊት ወርደው ምንጩን ያዙ፣ ጣሊያኖቹ ለማስለቀቅ ደጋግመው ሞከሩ አልቻሉም። ውሃ በልክ እየተሰፈረ፣ ለበቅሎ ተከልክሎ፣ በመጨረሻ ለሰውም ጠፋ። ጋሊያኖ እንደያዘው ቢቆይ ሁሉም በጥም ያልቁ ነበር። ምኒልክ ከነመሳሪያቸው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው፣ ጋሊያኖ ወጣ።

አገሩ ምን አደረገችው? ጀግና ብላ ማዕረግ ጨመረችለት፣ ሌተናል ኮሎኔል ሆነ። ከዛ የካቲት 23 አድዋ ላይ መጣና እዛው ሞተ። እንግዲህ እዩት፣ አንዱ በጥም ምሽግ ለቆ ሲወጣ ተሾመ፣ ሌላው በጥም መሳሪያ ሲያስቀምጥ ስሙ ጠፋ። ልዩነቱ የመኮንኖቹ አደለም፣ ቤት የተቀመጠው መንግስት በዛ ሰዓት ምን ያስፈልገው እንደነበር ነው። ሮም ከአምባላጌ ሽንፈት በኋላ ጀግና ያስፈልጋት ነበር። ደብሊን ደግሞ፣ የተባበሩት መንግስታትም ጭምር፣ የሉፊራው ድልድይ እንዴት ሳይያዝ ቀረ፣ 155 ሰው ያለ ከባድ መሳሪያ ማን ላካቸው ሚለው እንዲነሳ አልፈለጉም። ዝም ማለቱ ይቀል ነበር።

በነገራችን ላይ ጣይቱ ውሃውን በመያዛቸው ስንት የኛ ሰው ነፍስ እንደተረፈ አስቡት፣ ግንብ ላይ እየወጡ ከማለቅ። እሱም የጦር አመራር ነው፣ ጎራዴ መምዘዝ ብቻ አደለም።

——

ቀስተ_ደመና መለሰች፦

ስለ ጣይቱ ያልከው ልቤን ነክቶታል 🙏

ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። "ከዛኛው ወገን ወደ 300 ሞተ" ብለን አልፈነዋል። ያ 300 አብዛኛው ኮንጎዋዊ ነው እኮ፣ አፍሪካዊ ወጣት ነው፣ ምናልባት ለነጭ አዛዥ ለማዕድን ኩባንያ ገንዘብ እንደሚሞት ያላወቀ ልጅ። ቅጥረኞቹ ከኋላ ሆነው ወደፊት ይነዷቸው እንደነበር ነው የተጻፈው። የኩዊንላንን ጀግንነት አልክድም፣ ሰዎቹን ተከላክሎላቸዋል፣ ቀድሞም አልተኮሰም። ግን መኮንን ሲመዘን በዚያኛው ወገን የነበሩት መኮንኖችም ይመዘኑ፣ ሰው ከፊት እየነዱ ከኋላ መቆም ምንድነው ሚባለው?

——

ጡረተኛ_50አለቃ መለሰ፦

ልጄ ትክክል ብለሻል። ከኋላ የቆመ አዛዥ ወታደሩ ያውቀዋል። አንድ ቀን ያውቀዋል፣ ሁለተኛ ቀን ይታዘዘዋል፣ ሶስተኛው ቀን ላይ ግን እግሩ ወደፊት አይሄድለትም። 3,000 ሰው የ155 ሰው ምሽግ ውስጥ መግባት ያቃተው አንዱ ምክንያት እሱ ይመስለኛል።

ለሸገሩ ልጅ ደግሞ። ልጄ፣ ቃኘውን አንስተሃል፣ እኔ ወታደር ቤት ስገባ የቃኘው ሰዎች አሰልጥነውኛል፣ ሽበታም ሃምሳ አለቆች ነበሩ። አልተማረክንም ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከነሱ አፍ ሰምቻለሁ። የሌሊት ፓትሮል ሲወጡ መኮንኑ አብሮ ይወጣል፣ ሰው ከቆሰለ ተሸክመውት ነው ሚመለሱት፣ ከሞተም ሬሳውን ተሸክመው። መንገድ ላይ ትተውት ሚመጡት ሰው የለም። ያልተማረከው ሰው ስላልተተወ ነው። አንድ መኮንን ተነስቶ ሁላችሁም እዚህ እለቁ ስላለ አደለም።

——

ሰማያዊ_ቆብ መለሰ፦

ጋሼ ይሄን ነው እኔ ለመጻፍ ቃል ያጣሁለት። ቡሳን ላይ ባለው የተባበሩት መንግስታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያ መቃብር የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም አጽማቸው ወደ አገር ተመልሷል። ከሞት በኋላ እንኳን አልተተዉም።

——

ደብሊን_ነኝ መለሰ፦

እኔ ምኖረው አየርላንድ ነው፣ ክሩን በስራ እረፍቴ ነው ያነበብኩት። እዚህ አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ከዛ ጦር ውስጥ ጆን ጎርማን ሚባል፣ ያኔ 17 ዓመቱ የነበረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጉዳዩን ይዞ መንግስትን ሲጨቀጭቅ ኖሮ ነው በ2004 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው) ምርመራ ተደርጎ የሻለቃውም የወታደሮቹም ስም የጸዳው። በ2016 ለጠቅላላው ሻምበል የምስጋና የምስክር ወረቀት፣ በ2017 ደግሞ ለጃዶትቪል ተብሎ የተሰራ ሜዳሊያ ለያንዳንዳቸው ወይ ለቤተሰባቸው ተሰጠ። ግን ብዙዎቹ ሳያዩት ሞተዋል፣ ኩዊንላንም። አንዳንዶቹ ከዛ ጦርነት በኋላ በመጠጥና በጭንቀት የተጎዱ ነበሩ፣ ራሳቸውን ያጠፉም እንዳሉ ነው እዚህ ሰው ሚናገረው። ጥይት ያልገደላቸውን ሰዎች ስድብ ገደላቸው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ክርክሩን ለማሟላት። እዚህም ቢሆን ኩዊንላን ላይ ትችት ሚያነሱ አሉ። መሳሪያው ከመረከቡ በፊት መበላሸት ነበረበት፣ የከተማው ከንቲባ ስለ ተኩስ ማቆሙ የሰጠውን ቃል ማመን አልነበረበትም ሚሉ። ይሄ ትችት ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው አልልም። ግን ሰዎቹ ተራራ ላይ ተቀምጠው ነው ሚተቹት፣ እሱ አምስት ቀን ያልተኛ ሰው ነበር።

——

የሸገር_ልጅ77 መለሰ፦

እሺ ልጠይቅ፣ ክርክር ለማብዛት አደለም፣ ከልቤ ነው። መኮንን መቼ ነው እጅ መስጠት ሚችለው? ምክንያቱም ድንበር ካልተበጀለት ፈሪውም ጀግናውም አንድ ላይ ነው ሚያልፉት። ጋሼ እርስዎ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

——

ጡረተኛ_50አለቃ መለሰ፦

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። መመሪያ ላይ የተጻፈ ነገር አለ እሱን ተወው። እኔ ምልህ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተሰጠህ ግዳጅ ምንድነው? የምትይዘው ቦታ ከኋላህ ያለ ጦር ወይ ህዝብ የሚድንበት ከሆነ፣ አንተ አንድ ሰዓት በቆየህ ቁጥር ሌላው አንድ ሰዓት ሚያገኝ ከሆነ፣ እዛ ትሞታለህ፣ ሰውህም ይሞታል፣ ያ ወታደርነት ነው፣ ማንም መኮንን ከዛ አያመልጥም። የኩዊንላን ቦታ ግን እንደዛ አደለም። ከኋላው ማንም የለም። ጠብቅ የተባለው ነዋሪ ራሱ ጠላት ሆኗል። መጨረሻ ቀን ላይ ያ ምሽግ ቢያዝ ባይያዝ ለማንም ሚጨምረው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሚቀረው የሰው ነፍስ ብቻ ነው።

ፈሪውን ከጀግናው ምትለየው ደግሞ ከዛ በፊት ባለው ነው። ፈሪ ጥይት እያለው ነው እጁን ሚሰጥ። ፈሪ ሰዉን አስቀድሞ ራሱ ይቀራል፣ ወይ ሰዉን ትቶ ራሱ ይወጣል፣ ሁለቱንም አይቻለሁ። አምስት ቀን ከሰው ጋር ምሽግ ውስጥ ያደረ፣ ከሰው ጋር የተጠማ፣ ከዛም ከሰው ጋር እስር ቤት የገባ፣ አገሩ ሲመለስም ጥፋቱን ወታደር ላይ ያላላከከ፣ እሱን ፈሪ ሚል አፍ እኔ የለኝም።

——

የሸገር_ልጅ77 መለሰ፦

ተመስገን ጋሼ። ያ ከኋላህ ማን አለ ያሉት ገብቶኛል። የቃኘውን መለኪያ ግን አሁንም አላወርደውም 🙏

——

ታሪክ_ቆስቋሽ መለሰ፦

አታውርደው፣ ማንም አውርድ አላለህም። እንደውም አንድ ልጨምርልህ፣ ደስ ይልሃል። ኮሪያ ላይ የኢትዮጵያን ጦር በበላይነት የመሩት ከበደ ገብሬ፣ ያኔ ኮሎኔል፣ ኋላ ሌተናል ጀኔራል ሆነው ከ1954 እስከ 1955 ኮንጎ ላይ የጠቅላላው የተባበሩት መንግስታት ጦር አዛዥ ነበሩ፣ ከአየርላንዳዊው ጀኔራል ማኮዪን ነው ስልጣኑን የተረከቡት። ታህሳስ 25 ቀን 1955 የህንድ ጦር የሉፊራን ወንዝ ተሻግሮ ጃዶትቪል ሲገባ የበላይ አዛዡ እሳቸው ናቸው። ኩዊንላን የተከበበባት ከተማ በመጨረሻ የተያዘችው በቃኘው አዛዥ ጊዜ ነው። የካታንጋ መገንጠልም በቀጣዩ ወር፣ ጥር ላይ አበቃ። ስለ ጀኔራል ከበደ በአማርኛ በደንብ የተጻፈ ነገር አለማግኘቴ ያሳዝነኛል።

——

ሰማያዊ_ቆብ መለሰ፦

ይሄንን ራሱን የቻለ ክር እንክፈትለት። @የጠቅል_ልጅ አባትሽ በነበረበት ጊዜ አዛዡ ጀኔራል ከበደ ነበሩ እንዴ? በየትኛው ዙር ነው የሄደው?

——

የጠቅል_ልጅ መለሰች፦

ዙሩን በትክክል ልነግርህ አልችልም፣ እናቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ። ግን አንድ ካርቶን ወረቀት አለ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የደመወዝ ሰነድ ምናምን። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ እሱና አንድ ነጭ ወታደር ጂፕ ተደግፈው ቆመዋል፣ ከጀርባው በእጅ የተጻፈ አለ፣ ፈረንሳይኛ ይመስለኛል። ቅዳሜ እናቴ ጋ ስሄድ ስካን አድርጌ እለጥፈዋለሁ፣ ማንበብ ሚችል ሰው ካለ ይተባበረኝ። ሰነዶቹ ላይ የሌሎች ሰዎች ስም ስላለ እሱን ሸፍኜ ነው ምለጥፈው።

——

ደብሊን_ነኝ መለሰ፦

ፈረንሳይኛ ከሆነ እኔ አነብልሻለሁ እህቴ፣ ለጥፊው ብቻ።